ከእንጨት የመርከብ ሞዴል መሥራት ልጀምር ነው፤ ከየት ልነሣ?

የባሕረኛው ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ሥራዬ ሹፍርና ነው፤ ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ። አባቴ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከእኔ ጋር ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። የሠሩት «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ነው። ድሮ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ለእኛ ተሰጠች። አባዬ ስለ እሷ ሲያወሩ ስለ ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

በቀደም አናፖሊስ ወሰድኳቸው። የባሕር ኃይል አካዳሚው ግቢ ውስጥ፣ ፕሬብል ሆል በሚባለው ሕንፃ፣ ሙዚየም አለ። የመርከብ ሞዴል ሞልቶታል። በ1600ዎቹና በ1700ዎቹ እንግሊዝ አገር የተሠሩ አሉ። አንዳንዶቹ ከታች ሳንቃ አልለበሱም፤ የጎድን አጥንታቸው አንድ በአንድ ይቆጠራል። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ የተማረኩ ፈረንሳዮች ከምግባቸው የተረፈውን የከብት አጥንት ጠርበው የሠሯቸውም አሉ። አባዬ መስታወቱ ጋ ቆመው ገመዶቹን በጣታቸው ይከተላሉ። «ይሄ ምሰሶውን የሚወጥር ነው፤ ይሄ ሸራውን የሚስብ ነው» ይሉኛል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ያን ቀን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ አልለቅ አለኝ። አብረን አንድ መርከብ ብንሠራ ብዬ ተመኘሁ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የእንግሊዞቹን ቪክትሪ አየሁ። ሦስት ምሰሶ፣ 104 መድፍ። ልቤ እሷ ላይ አረፈ። ግን መጋዝ ይዤ አላውቅም፤ የምኖረውም ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ልግዛት? ወይስ ሌላ ትመክሩኛላችሁ?

ሳንቃ በሳንቃ (ቶሮንቶ)

እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ለአባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ቪክትሪን አሁን አትግዛት። እኔ በዚህ ሥራ 11 ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዬ ባለ ሦስት ምሰሶ የጦር መርከብ ነበረች። ሳጥኑን የከፈትኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስተኛው ወር ላይ ቆመች። አፍንጫዋ ጋ ሳንቃው አልተኛልኝም፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይነሣል። አራት ዓመት አልጋ ሥር ተቀመጠች። ቤት ባጸዳሁ ቁጥር እሷን ማየት ያሳምመኝ ነበር።

በትልቅ መርከብ ላይ የሚፈጠር ስሕተት ወዲያው አይታይም፤ ጉዱ እሱ ነው። ዛሬ አንዷን የጎድን አጥንት አንድ ሚሊ ሜትር አጣመህ ካቆምክ፣ የምታውቀው ከስድስት ወር በኋላ ሳንቃ ስታለብስ ነው። ያን ጊዜ ማፍረስ ያቅትሃል። ሳንቃውን ብትወጣው ደግሞ ገመዱ ይጠብቅሃል። ፖርትስመዝ የቆመችው ቪክትሪ ገመዷ ተቀጣጥሎ ቢዘረጋ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ይባላል። በሞዴሉ ላይ ያ ሁሉ በሺህ የሚቆጠር ቋጠሮ ይሆናል።

ዶሪ የምትባለውን ጀልባ ሥራ። ሞዴል ሺፕዌይስ የሚባለው ኩባንያ ኪቷን፣ ማለትም የተቆረጡ ቁራጮችና መመሪያ ያለበትን ሳጥን፣ ይሸጣል፤ መጠኗ 1 ለ 24 ነው፤ ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ ታንሳለች ማለት ነው። ርዝመቷ 25 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ መሥራት ትችላለህ። ዋጋዋ ከመቶ ዶላር በታች ነው። ደግሞ እንዳትንቃት። ዶሪ የታላላቆቹ ዓሣ አስጋሪ መርከቦች እጅና እግር ነበረች። መቀመጫዎቿ ይነሣሉ፤ አንዷ በሌላዋ ውስጥ እንደ ሰሐን ተደራርባ በመርከቡ ወለል ላይ ትቀመጣለች። ማለዳ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዛ ወደ ባሕር ትወርዳለች። እዚህ ካናዳ አሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸችው ብሉኖዝ ራሷ፣ በ1921 ለነንበርግ ላይ ወደ ውኃ የወረደችው፣ ዓሣ የምታጠምደው በዶሪዎቿ ነበር። የኪቱ ሞዴል የተወሰደው ከሎዌል የጀልባ ሥራ ቤት ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ አሜስበሪ፣ ከ1793 ጀምሮ ያለ ቤት ነው።

ከሷ በኋላ የኖርዌይ ጀልባ፣ ከዚያ ባለ አንድ ምሰሶ የሎብስተር ማጥመጃ ይከተላል። ሦስቱ የተዘጋጁት አንዱ ላይ የተማርከው ለቀጣዩ እንዲሆንህ ታስቦ ነው።

መስከረም (ስቶክሆልም)

ሳንቃ በሳንቃ ባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ልብህ ያረፈባትን መርከብ አትተዋት። ፎቶዋን ግድግዳህ ላይ ስቀላት። እኔ ሁለት ጊዜ ልተወው ብዬ የመለሰችኝ ቫሳ ናት።

ቫሳ በ1628 ከዚህ ከተማ ወደብ ወጥታ 1,300 ሜትር ያህል ሄዳ ሰጠመች። ከላይ ከብዳ ነው። ነፋስ ሲገፋት ጎነበሰች፤ ውኃው በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ገባ። 333 ዓመት ባሕር ሥር ቆይታ በ1961 ወጣች። ሙዚየሟ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ከዋናዋ መርከብ አጠገብ 1 ለ 10 የሆነ ሞዴሏ ቆሟል፤ የጥንት ቀለሟን የለበሰ ነው። እኔ ግን ሞዴሉን ትቼ ትልቋን ነው የማያት። ከአፍንጫዋ በታች ቆሜ ሳንቃዎቹ እንዴት እየጠበቡ ወደ ላይ እንደሚታጠፉ በእርሳስ እሥላለሁ። መመሪያ ወረቀቱ ላይ ሦስት ጊዜ አንብቤ ያልገባኝ እዚያ ገባኝ። አንተም አናፖሊስ ቅርብህ ነው። አባትህን ይዘህ ተመለስ፤ ደብተርና እርሳስ ያዝ።

ሦስቱንም ኪት ግን ባንድ ጊዜ አትግዛ። ዶሪዋን ብቻ ግዛ። ስትጨርስ ምን እንደወደድክ ያኔ ታውቀዋለህ። እኔ ከመጀመሪያዋ ጀልባ በኋላ የሄድኩት ትልልቅ መርከቦች ይዘዋት ወደሚዞሩት ረጅም ጀልባ ነው፤ አልተጸጸትኩም።

የባሕረኛው ልጅ

አመሰግናለሁ፤ ሁለታችሁንም። ዶሪዋን አዘዝኳት። ለአባዬ የሁለታችሁን ጽሑፍ አነበብኩላቸው። «ትክክል ነው፤ እኛም መጀመሪያ ያስተማሩን ጀልባ መቅዘፍ ነው» አሉኝ።

መሣሪያውስ? አንድ ሱቅ ገብቼ ሻጩ የኤሌክትሪክ መፍጫ፣ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ምኑ ቅጡ ደረደረልኝ። ወደ 300 ዶላር ደርሶ ነበር። ትቼው ወጣሁ።

ሳንቃ በሳንቃ (ቶሮንቶ)

ደግ አደረግክ። ዶሪ ኤሌክትሪክ አትፈልግም።

የሚያስፈልግህ ስለታም ቢላዋ ነው፤ ጫፉ ሹል፣ ምላጩ የሚቀየር። ምላጭ ላይ አትሰስት። እጅ የሚቆርጠው የደነዘ ምላጭ ነው፤ ስለማይቆርጥ ትገፋዋለህ፣ ስትገፋው ያመልጥሃል። ብርጭቆ ወረቀት ባለ 120፣ 220 እና 400 ግዛ። በእጅህ ይዘህ አትፈግፍግ፤ ቀጥ ያለ ቁራጭ እንጨት ላይ ለጥፈው። ጣት ጎድጓዳውን ተከትሎ ይገባል፤ እንጨቱ ግን እብጠቱን ብቻ ይበላል። ወረንጦ፣ የብረት ማስመሪያ፣ በእጅ የምትሽከረከር ትንሽ መሰርሰሪያ ጨምር። ለመቆንጠጫ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል፤ ሃያ ሠላሳ ይኑርህ። አንዳንዶቹን ፈትተህ እንጨቱን ገልብጠህ ብትገጥማቸው አፋቸው ረዝሞ ጠባብ ቦታ ይገባል።

ማጣበቂያ የአናጢ ኮላ ይሁን፣ ቢጫው ወይም ነጩ። ሱፐር ግሉ ለጀማሪ አልመክርም። ማረሚያ ጊዜ አይሰጥም፤ ሽታውም ለዓይንና ለሳንባ ደግ አይደለም። በተለይ አባትህ አጠገብህ ከተቀመጡ መስኮት ክፈት። እንጨት ስትፈገፍግም ሁለታችሁም ማስክ አድርጉ። ይሄን ነገር ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ኪቱ ሲመጣ ቁራጮቹ በሌዘር ስለተቆረጡ ጠርዛቸው ጥቁር ነው። ኮላ በጥላሸት ላይ በደንብ አይዝም፤ ቀስ ብለህ በብርጭቆ ወረቀት አንሣው። ልኩ እንዳይጠፋ ግን ጥቁሩ ሲሄድ አቁም።

የሸገር አናጢ (አዲስ አበባ)

ሰላም ወገኖች። ይህን ውይይት እያነበብኩ ቀናሁ። እኔ ካዛንቺስ አካባቢ የቤት ዕቃ ስሠራ 15 ዓመቴ ነው። ኪት ከውጭ ማስመጣት ለኔ አይሆንልኝም፤ የማጓጓዣው ይበልጣል። እንጨት ግን አለኝ፤ እጄም አይታማም። በፕላን ብቻ ከባዶ መነሣት ይቻላል? ሱቄ ውስጥ የዋንዛ፣ የዝግባና የወይራ ቁርጥራጭ ሞልቷል። የቱ ይሻላል?

መስከረም (ስቶክሆልም)

የሸገር አናጢ፣ በጣም ይቻላል። እኛ ሁላችን ወደዚያ ለመድረስ ነው የምንለፋው። አንተ የእንጨት ጠባይ ታውቃለህ፤ ትልቁን ዕውቀት ይዘሃል ማለት ነው።

ለሞዴል የሚመረጠው መስመሩ ደቃቅና እኩል የሆነ እንጨት ነው። እዚህ ሊንደንና የፒር ዛፍ የሚወደዱት ለዚያ ነው። ዋንዛ ለቁምሳጥን ግርማ አለው፤ ግን ቀዳዳውና መስመሩ ሰፊ ነው። በ1 ለ 24 ያየኸው እንደሆነ የአንድ ሳንቃ መስመር የግንድ ያህል ይመስላል። ዝግባ ይሻልሃል፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ወጥ ነው፣ በመጋዝ በቀላሉ ይሰነጠቃል። አዲስ ግንድ አታስቆርጥ፤ ከአሮጌ በርና ከአሮጌ ጣሪያ የወጣ ደረቅ ዝግባ ፈልግ። ወይራውን ለትንንሽ ጠንካራ ነገሮች አስቀምጠው፤ ለመቅዘፊያ ማስደገፊያ፣ ለገመድ ማሰሪያ።

ሳንቃ በሳንቃ (ቶሮንቶ)

ልጨምርበት። ቀርቀሃ ፈልግ። ለእንጨት ምስማር ከሱ የተሻለ አላየሁም። ስንጥሩን ወስደህ፣ ብረት ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ በተበሱ ቀዳዳዎች ውስጥ በተራ ትስበዋለህ። በመጨረሻ እንደ ክር የቀጠነ፣ ግን የማይሰበር ዘንግ ይወጣል። ቁረጠው፣ ኮላ አስነክተህ ሳንቃው ውስጥ ክተተው፣ በላዩ ፈግፍገው። እኛ እዚህ የቀርቀሃ ስንጥር የምናገኘው ከምግብ መሸጫ መደብር ነው፤ ሥጋ ከሚወጋበት እንጨት።

ለመጀመሪያ የወንዝ ጀልባ ወይም ራሷን ዶሪ ሥራ። ፕላኑን በምትፈልገው መጠን አሳትመው፣ ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፈህ ቁረጥ።

የባሕረኛው ልጅ

ችግር ገጥሞኛል።

የታችኛው ወለልና የጎድን አጥንቶቹ በሰላም ቆሙ። የመጀመሪያዋም ሳንቃ ተኛች። ሁለተኛዋ ግን አፍንጫው ጋ ተነሣችብኝ። ያደረግኩት ይሄ ነው፤ ሳንቃዋን ሙቅ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኳት፣ ለስልሳ እንደ ላስቲክ ስትሆን ኮላ ቀብቼ አጎበጥኳት፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዝኳት። ሥራ ልወጣ ስል ፈታኋት። ሌሊት ስመለስ ከፊት በኩል ሁለት ሚሊ ሜትር ተከፍታለች። በቀኝ በኩል ደግሞ የላይኛዋ ሳንቃ በታችኛዋ ላይ እኩል አትቀመጥም፤ ጠርዝ ለጠርዝ ብቻ ነው የሚነካኩት። አፈርሰዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

ሳንቃ በሳንቃ (ቶሮንቶ)

አትፍራ፤ አልተበላሸም። ሁለት የተለያየ ነገር ነው የሆነብህ።

አንደኛው ውኃው ነው። እንጨት ሲርስ በስፋቱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እርጥብ ሳለ ካጣበቅከው እየደረቀ ራሱን ይስባል። ኮላውም ውኃ በጠገበ እንጨት ላይ በደንብ አይዝም። ስለዚህ ማጎበጥና ማጣበቅን ለያያቸው። ዘፍዝፈው፣ ቦታው ላይ አጉብጠህ ያለ ኮላ ቆንጥጠው፣ አድርቀው። የፀጉር ማድረቂያ ብትነፋበት ቶሎ ይደርቃል። ሲለቀቅ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ከዚያ ነው ኮላ። መቆንጠጫውንም በአሥር ደቂቃ አትፍታው፤ አፍንጫው ላይ ሌሊቱን ይደር።

ሁለተኛው የጠርዙ ነገር ነው። ዶሪ ሳንቃዎቿ ይደራረባሉ። ላይኛዋ በታችኛዋ ላይ እንድትተኛ የታችኛዋ ጠርዝ መሰየፍ፣ ማለትም በሰያፍ መፈግፈግ፣ አለበት። መሐል ላይ ስየፋው ትንሽ ነው፤ ወደ አፍንጫውና ወደ ኋላ ሰሌዳው ስትቀርብ እየጨመረ ይሄዳል። ይሄን በማስመሪያ አትለካውም። አንዲት ቀጭን እንጨት በየጎድን አጥንቱ ጋ ከታችኛዋ ሳንቃ ጠርዝ ወደ ላይ አስተኛና ከጎን ዝቅ ብለህ ብርሃን እያሳየህ ተመልከት። ብርሃን በሚያልፍበት ቦታ ያልነካ አለ። በሚነካው በኩል ፈግፍግ። እንደገና አስተኛ። ብርሃኑ ሲጠፋ ጨረስክ። እኔ በሙሉ ሥራው ውስጥ የምወደው ሰዓት ይሄ ነው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ አንድ አምፖል በርቶ፣ የብርሃኗ ክር እየጠበበች ስትሄድ።

የተጣበቀችውን ሳንቃ ለማንሣት አልኮል ተጠቀም፤ ፋርማሲ የሚሸጠውን አይሶፕሮፒል። በትንሽ ብሩሽ መጋጠሚያው ላይ ቀባ፣ ጠብቅ፣ ደግመህ ቀባ። ኮላው ይለሰልሳል። በምላጭ ጫፍ ቀስ እያልክ ክፈተው። አትጎትተው።

አንድ ደግሞ ለሁሉም። ሳንቃ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ አልብሱ። አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ከሄዳችሁ ጀልባዋ ትጠማዘዛለች፤ ከዚያ የሚያቃናት የለም።

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)

እኔ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። አንድ ነገር ግን ልናገር።

አጎቴ ታንኳ ሠሪ ነበር። ደንገሉን አጭዶ፣ አድርቆ፣ ጠቅልሎ ሲያስር አጠገቡ ተቀምጬ ነው ያደግኩት። አፍንጫዋን ወደ ላይ የሚያነሣት ውኃም እሳትም አይደለም፤ ጠቅልሎ የሚወጥራት ገመድ ነው። ታንኳ ውኃ እየጠጣች ስትከብድ አውጥተው ያደርቋታል፤ ዕድሜዋ አጭር ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ አትላንቲክን የሞከረባት ራ የምትባለው ጀልባም ደንገሏ ከጣና ነው የሄደው። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛዋ ባርቤዶስ ደረሰች።

አሁን ጣና ላይ ብረትና ፋይበር እየበዛ ነው። የሸገር አናጢ ከእንጨት ሲሠራ እኔ ደግሞ ከደንገል ታንኳ በትንሹ ልሥራ ብዬ ተነሣሣሁ። ርዝመቷን፣ የጠቀለልኩትን ብዛት፣ የማሰሪያውን ቦታ እየለካሁ እጽፋለሁ። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሳሉ ማድረግ አለብኝ።

መስከረም (ስቶክሆልም)

የጣና ልጅ፣ እባክህ አድርገው። እየለካህ ከላይ፣ ከጎን፣ ከፊት ሣላት። ፎቶ ስታነሣ ማስመሪያ አጠገቧ አስቀምጥ። ራሱን የቻለ ውይይት ክፈትለት፤ እኔ ሥዕሉን በመጠን ላወጣልህ ፈቃደኛ ነኝ።

የሸገር አናጢ (አዲስ አበባ)

እኔም ማሰሪያውን ማየት እፈልጋለሁ። አሮጌ የዝግባ በር አገኘሁ፤ ሰንጥቄ ሁለት ሚሊ ሜትር አወጣሁት። እንደተባለው መስመሩ ጥርት ያለ ነው። በካውያ እንፋሎት ሞክሬ ጎበጠልኝ።

የባሕረኛው ልጅ

ስድስት ሳምንት አለፈ፤ አሁን ነው መጻፍ የቻልኩት።

አልኮሉ ሠራ። ሳንቃዋን አንሥቼ፣ ጠርዙን ሰይፌ፣ ደርቃ አጣበቅኳት። በስተቀኝ በኩል ዛሬም ቢሆን በጥፍር ብትዳስሱት የምትሰማ ትንሽ ጉድለት አለች። ተውኳት። ውጭዋን ግራጫ፣ ውስጧን ቢጫ አፈር በሚመስል ቀለም ቀባናት። ከላይ ሰፍቶ ከታች የሚጠበው የኋላ ሰሌዳዋ ቆንጆ ሆነ፤ የአገሩ ሰዎች «የመቃብር ድንጋይ» ይሉታል አሉ፤ ለአባዬ አልነገርኳቸውም።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን የገመዱን ነው። ዶሪ ከፊትና ከኋላ የገመድ ቀለበት አላት፤ መርከቡ ላይ በሱ ነው የምትነሣው። መመሪያው ክሩን አስገብታችሁ ቋጥሩት ይላል። ቋጠርኩት፤ አባዬ አዩና ዝም አሉ። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ የኔ ቋጠሮ ተቆርጦ በቦታው ሌላ አለ። ክሩን በሰም አሽተው፣ ጫፉን ለሦስት ፈትተው፣ መልሰው በራሱ ውስጥ ጎንጉነውታል። የት እንደጀመረ የት እንዳለቀ አይታይም። የክሩ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል እኮ፤ የቡና ሲኒ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። እንዴት ሠሩት ብዬ ስጠይቃቸው «ሌሊት ሌሊት፣ አንተ ሥራ ላይ ሳለህ» አሉኝ። «እጄ ሌላውን ሁሉ ረስቶ ይሄን አልረሳም» አሉ።

መቅዘፊያዎቹ ይቀራሉ። የሰጡን ዘንግ ድቡልቡል ነው፤ ምላሱ ጋ መሳሳት አለበት። አባዬ ምላሱ ለቀይ ባሕር ሞገድ አጭር ነው ይላሉ፤ መመሪያው ደግሞ ትክክል ነው ይላል። ሳንቃ በሳንቃ፣ በ1 ለ 24 የዶሪ መቅዘፊያ ምን ያህል ይረዝማል? ቀጣይዋ የኖርዌይዋ ናት፤ ኪቷ ሐሙስ ይደርሳል።

ሳንቃ በሳንቃ (ቶሮንቶ)

ለመቅዘፊያው የአባትህን ስማ። ዘንጉን አሁን አትቁረጥ፤ ከመመሪያው ትንሽ አስረዝመህ ጀልባዋ ላይ አስቀምጥና ይዩት። መቁረጥ ሁልጊዜ ይቻላል።

የገመዱን ፎቶ በቅርብ አንሥተህ ላክልን። እኔ 11 ዓመት ሙሉ በቋጠሮ ነው የጨረስኩት፤ ያንን መጎንጎን አባትህ ደረጃ በደረጃ ቢያሳዩን፣ አንተ ብትቀርጽ፣ እዚህ ያለነው ሁሉ እንማራለን።